ዕድሜ የሚዘልቅ የማዕድ ቤት ዕቃ፦ ከጥቁር ፕላስቲክ ክርክር እስከ ቢላዋ ስለት

እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ላይ "ኬሞስፌር" በተሰኘው ሳይንሳዊ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከጥቁር ፕላስቲክ የተሠሩ ጭልፋዎችንና መገልበጫዎችን በብዙ አገሮች የዜና ርዕስ አደረጋቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንዳንዶቹ ዕቃዎች ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን እሳት እንዳይዛቸው የሚጨመር ኬሚካል በመገኘቱ፣ አንባቢዎች ጥቁር ማማሰያዎቻቸውን ሳይውሉ ሳያድሩ አውጥተው እንዲጥሉ የሚመክሩ ጽሑፎች በብዛት ታተሙ። ብዙም ሳይቆይ ከጥናቱ ስሌቶች አንዱ በአሥር እጥፍ የተሳሳተ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ወሬው ተገለበጠ፤ መርዝ ነው የተባለው ዕቃ ምንም አይልም ተባለ። በእነዚህ ሁለት ጽንፎች መካከል የተተወው ሸማች ያለውን ዕቃ ይጣለው ወይስ ያቆየው፣ ቢጥለውስ በምን ይተካው የሚለው ጥያቄ ሳይመለስለት ቀርቷል።

ጥያቄው ከጥቁር ፕላስቲክ ይሰፋል። የማይጣበቅ መጥበሻ፣ የቀርከሃ ማንኪያ፣ የሲሊኮን መጥረጊያ፣ "ዕድሜ ልክ የሚያገለግል" የተባለ ቢላዋ፣ ሁሉም ለጤናና ለአካባቢ የተሻለ ነው እየተባለ ይሸጣል። እነዚህን ለመመዘን የተሠሩበት ቁስ ብቻ አይበቃም፤ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ስንት ዓመት እንደሚቆይና ሲደክም መታደስ መቻል አለመቻሉ ብዙ ጊዜ ከቁሱ ስም ይልቅ ወሳኝ ነው።

ከስሌቱ ስህተት በኋላ የቀረው ጉዳይ

ጥናቱ ያገኘውንና ያላገኘውን መለየት ይገባል። ተመራማሪዎቹ ከጥቁር ፕላስቲክ የተሠሩ 203 ዕቃዎችን፣ ማለትም የማዕድ ቤት ዕቃዎችን፣ የምግብ ማቅረቢያዎችን፣ የልጆች መጫወቻዎችንና የጸጉር ጌጦችን፣ በብዙ እሳት ተከላካይ ኬሚካሎች ውስጥ ያለው ብሮሚን የተባለው ንጥረ ነገር ይኖርባቸው እንደሆነ ፈተሹ። ከዚያም ከፍ ያለ ብሮሚን የታየባቸውን 20 ዕቃዎች ለይተው በዝርዝር ሲመረምሩ በ17ቱ ውስጥ እሳት ተከላካይ ኬሚካሎችን አገኙ። በዜናዎች ላይ "85 በመቶ" እየተባለ የተደጋገመው አኃዝ የመጣው ከዚህ ነው። አኃዙ ትክክል ቢሆንም የሚመለከተው አስቀድመው የተጠረጠሩትን 20 ዕቃዎች እንጂ በገበያ ላይ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ በሙሉ አይደለም። ይህን አለመለየት ከስሌቱ ስህተት ባልተናነሰ ሁኔታ የሕዝቡን ግንዛቤ አዛብቷል።

የስሌቱ ስህተት ቀላል የማባዛት ስህተት ነበር። ዴካቢዲኢ ለተባለው እሳት ተከላካይ ኬሚካል የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያስቀመጠው የዕለት መጠን ገደብ በአንድ ኪሎግራም የሰውነት ክብደት 7,000 ናኖግራም ነው፤ ናኖግራም ማለት የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። ይህ መጠን 60 ኪሎግራም ለሚመዝን ሰው ሲሰላ 420,000 መሆን ሲገባው በጥናቱ ላይ 42,000 ተብሎ ተጻፈ። የተበከለ ማማሰያ የሚጠቀም ሰው በቀን ሊወስደው ይችላል ተብሎ የተገመተው መጠን 34,700 ናኖግራም ስለነበር፣ በተሳሳተው ስሌት ገደቡን ሊነካ የተቃረበ መሰለ፤ በትክክለኛው ስሌት ግን የገደቡን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ተመራማሪዎቹ ስህተቱን አርመው ዋናው መደምደሚያቸው እንዳልተለወጠ አስታውቀዋል።

መደምደሚያው እንዳለ የቀረበት በቂ ምክንያት አለ። ኬሚካሉ ወደ ማማሰያው ሆን ተብሎ የተጨመረ ሳይሆን ከአሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማቀፊያ ተከትሎ የመጣ ነው። የተለያየ ቀለም ያለው አሮጌ ፕላስቲክ አንድ ላይ ሲቀልጥ የሚወጣውን ደብዛዛ ቀለም በቀላሉ የሚሸፍነው ጥቁር ነው፤ ለዚህም የሚጨመረው የካርቦን ዱቄት የመለያ ማሽኖች የሚጠቀሙበትን የኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚውጥ ጥቁር ፕላስቲክን በዓይነት ለይቶ መሰብሰብ አስቸጋሪ ነው። ዴካቢዲኢ በ2017 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተዘረዘሩት በተፈጥሮ ቶሎ የማይፈርሱ ኬሚካሎች አንዱ ሆኗል፤ አሮጌው ዕቃ ግን ገና በዑደቱ ውስጥ ስላለ ኬሚካሉ በማይጠበቅ ቦታ ብቅ ይላል። ስለዚህ "ካገለገለ ፕላስቲክ እንደገና የተሠራ" የሚለው መግለጫ ለወንበር ወይም ለቆሻሻ ባልዲ መልካም ዜና ሲሆን፣ ትኩስ ምግብ ለሚነካ ዕቃ ግን የፕላስቲኩ ምንጭ እስካልታወቀ ድረስ ዋስትና አይሆንም።

ሙቀት የሚያሰምረው ድንበር

ስለ ፕላስቲክ ማማሰያዎች የሚነሳው ሌላው ጉዳይ ከእሳት ተከላካዮቹ ይልቅ ብዙ ቤቶችን ይነካል፣ ይሁን እንጂ ያን ያህል አልተወራለትም። አብዛኞቹ ጥቁር ማማሰያዎች የሚሠሩት በተለምዶ ናይለን ከሚባለው ከፖሊአማይድ ነው። ናይለን ሲመረት ሙሉ በሙሉ ያልተያያዙ ጥቃቅን ቁርጥራጮች፣ በሳይንሱ አጠራር ኦሊጎመሮች፣ በውስጡ ይቀራሉ፤ ዕቃው ሲሞቅ እነዚህ ወደ ምግቡ ይፈልሳሉ። የጀርመን ፌዴራል የስጋት ግምገማ ተቋም በ2019 ተጠቃሚዎች የፖሊአማይድ ዕቃዎችን ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ምግብ ጋር የሚያነካኩበትን ጊዜ በተቻለ መጠን እንዲያሳጥሩ መክሯል። የሚፈላ ድስት ውስጥ ተትቶ የሚቆይ የናይለን ጭልፋ ከዚህ ምክር በግልጽ ይወጣል፤ አማስሎ ወዲያው ማውጣትና በሰሃን ላይ ማስቀመጥ ግን ችግሩን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ይህ ጥንቃቄ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ሲሊኮን ከናይለን ይለያል። የሞለኪውሉ ጀርባ አጥንት ከካርቦን ሳይሆን ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ በመሆኑ ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል፤ በጥሩ ሁኔታ የተመረተው 200 ዲግሪ ገደማ ድረስ ቅርጹን ይይዛል። ድስት ጠርጎ ለማውጣትና ስስ ሽፋን ያለውን መጥበሻ ላለመቧጨር የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ድክመቱ መጨረሻው ላይ ነው፤ በአፈር ውስጥ አይፈርስም፣ በአብዛኛው የቆሻሻ አሰባሰብ ሥርዓት ውስጥም ተመልሶ የሚሠራበት መንገድ የለም። እንግዲህ የሲሊኮን ዕቃ ለአካባቢ መልካም የሚሆነው ዓመታት ሲያገለግል ብቻ ነው፤ በቀለሙ ተማርኮ በየጊዜው መለወጥ ከዚያ ጋር ይጋጫል።

የማይጣበቅ ሽፋንና የሚያስከትለው ሰንሰለት

ማማሰያ ሲመረጥ መጥበሻውን መርሳት አይቻልም፤ የማይጣበቅ መጥበሻ ያለው ሰው የብረት ዕቃ መጠቀም ስለማይችል ወደ ናይለንና ወደ ሲሊኮን የሚገፋው ራሱ ሽፋኑ ነው። የሽፋኑ ዋና ቁስ ቴፍሎን በሚለው የንግድ ስም የሚታወቀው ፒቲኤፍኢ ሲሆን፣ በ1938 በዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ይሠራ በነበረው በሮይ ፕላንኬት ሳይታሰብ የተገኘ ነው። ፒቲኤፍኢ ፒፋስ ተብሎ የሚጠራው ሰፊ የኬሚካል ቤተሰብ አባል ነው። ይህ ቤተሰብ በካርቦንና በፍሎሪን መካከል ባለው እጅግ ጠንካራ ትስስር ምክንያት በተፈጥሮ ውስጥ ሳይፈርስ ለረጅም ዘመን ይኖራል።

በዚህ ጉዳይ አምራቾችና ተቺዎች የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ ስለ ተለያየ ነገር ነው። አምራቾች የተጠናቀቀው ፒቲኤፍኢ ግዙፍ ሞለኪውል በመሆኑ ተቀርፎ ቢዋጥ እንኳ ሰውነት ውስጥ ሳይሰርግ ያልፋል ይላሉ፤ ይህ አባባል በሳይንስ የተደገፈ ነው። ተቺዎች ደግሞ የሚያመለክቱት ወደ ፋብሪካውና ወደ ቆሻሻ መጣያው ነው፤ ለዓመታት ለምርቱ ረዳት ሆኖ ያገለገለው ፒኤፍኦኤ የተባለው የዚሁ ቤተሰብ ኬሚካል በፋብሪካዎች አካባቢ የመጠጥ ውሃን በክሏል፣ በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገድ ተወስኗል፣ በ2023 መጨረሻም የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ስለዚህ አንድ መጥበሻ ለሚበስልበት ምግብ አስተማማኝ ሆኖ፣ የተሠራበት መንገድ ግን ለሌላ ሰው ውሃ ጎጂ ሊሆን ይችላል። ሕግ አውጪዎችም አንድ አቋም አልያዙም፤ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ከጥር 2025 ጀምሮ ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረባቸው የማብሰያ ዕቃዎች እንዳይሸጡ ስታግድ፣ ፈረንሳይ በዚያው ዓመት ፒፋስን በመዋቢያና በልብስ ላይ የሚከለክል ሕግ ብታወጣም የማብሰያ ዕቃዎችን ከእገዳው ውጭ አድርጋለች።

ለቤት ተጠቃሚ ከዚህ የሚከተለው ውጤት ግልጽ ነው። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መበላሸት ይጀምራል፤ ከዚያ እየናረ ሲሄድ የሚወጣው ጭስ በሰው ላይ ትኩሳት መሰል ሕመም ያስከትላል፣ በቤት ውስጥ የሚያዙ ወፎችን ደግሞ ይገድላል። ባዶ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ጥዶ መተው ወደዚያ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ያደርሳል። በመጠነኛ እሳትና በእንጨት ማማሰያ የተያዘ መጥበሻ ግን ሽፋኑ እስኪያልቅ ድረስ ሊያገለግል ይችላል፤ ያለቀ ዕለት የሚተካው ምን ይሁን የሚለውን አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል። ወፍራም ቀላጭ ብረት (ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚሠራው) እና ስስ የካርቦን ብረት መጥበሻዎች ዘይት በሙቀት ተለውጦ በሚፈጥረው ጠንካራ ንጣፍ አማካይነት ምግብ እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ፤ ይህ ንጣፍ ቢጎዳ በዘይትና በእሳት እንደገና ይሠራል። የሴራሚክ ሽፋን የሚባለው ከፒፋስ ነጻ ቢሆንም የማያጣብቅበት ዘመን ብዙ ጊዜ ከፒቲኤፍኢም ያጥራል፣ ሲያልቅም በቤት ውስጥ አይታደስም።

ቢላዋ፦ የሚጠነክረውና የሚቆየው

ዕድሜ የሚለካበት ዋነኛው የማዕድ ቤት ዕቃ ቢላዋ ነው፤ በአግባቡ የተመረጠና የተያዘ አንድ ቢላዋ ከገዛው ሰው በላይ ሊኖር ይችላል፣ በአግባቡ ያልተያዘ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥግ ይወረወራል። ብዙ ሰዎች ቢላዋቸው አልቆረጥ ሲል "አረጀ" ብለው ሌላ ይገዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያረጀ ነገር የለም፤ የደከመው ከአንድ ፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ የሚቀጥነው የስለቱ ጫፍ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ቢላዋውን ስለቱ ወደ ላይ እንዲሆን ይዞ መብራት ስር ቀስ እያሉ ማዘንበል ነው። የሠላ ስለት ብርሃን የሚመልስ ገጽ ስለሌለው ምንም አይታይበትም፤ የዶለዶመ ስለት ግን ቀጭን ነጭ መስመር ያሳያል፣ የተሸረፈበት ቦታ ደግሞ ነጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል። መስመሩ የሚታየው የስለቱ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ስለታጠፈ ወይም ስለተበላ ነው። ከታጠፈ ክብ በሆነ የብረት ዘንግ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ መሳብ ያቃናዋል፤ ይህ ብረት አይፍቅም፣ አዲስ ስለትም አይሠራም። ከተበላ ወይም ከተሸረፈ ግን መሳል ያስፈልጋል፤ መሳል ማለት ከሁለቱም ጎን ጥቂት ብረት ፍቆ አዲስ ጫፍ ማውጣት ነው። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ቢላዋዎችን ያለ ዕድሜያቸው ያሳጥራል፤ ማቃናት የሚበቃውን ቢላዋ በየሳምንቱ የሚፈጭ የኤሌክትሪክ መሳያ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከዓመታት በኋላ የጠበበና ሆዱ የጎደጎደ ብረት ይቀረዋል።

የብረቱ ዓይነት እዚህ ላይ ይገባል። የማይዝግ ብረት የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ብረት ነው፤ ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ መከላከያ ይፈጥራል፣ ሲጫርም ራሱን ያድሳል። በ1913 በሸፊልድ ከተማ የጠመንጃ አፈሙዝ መበላትን የሚቋቋም ብረት ይፈልግ የነበረው ሃሪ ብሬርሊ የደረሰበት ይህ ውህድ ቶሎ ብሎ ጥቅም ያገኘው በገበታ ቢላዋ ላይ ነበር። በማንኪያና በድስት ላይ የሚታየው 18/10 የሚል ጽሑፍ 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው ማለት ነው። ኒኬሉ ዝገትን የመቋቋም ኃይሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ብረት በእሳት አግሎ በማቀዝቀዝ ስለማይጠነክር ለጥሩ ቢላዋ አይሆንም። የቢላዋ ብረት ኒኬሉ ቀርቶ ካርቦኑ ከፍ ያለ ነው፤ ለዚህም ነው ማግኔት ቢላዋን አጥብቆ ሲይዝ 18/10 ማንኪያን እምብዛም የማይስበው። ከዚህ የተነሳ "ከ18/10 የተሠራ ቢላዋ" የሚል ማስታወቂያ ስለ እጀታው ካልሆነ በቀር ሊያጠራጥር ይገባል።

የቢላዋ ጥንካሬ የሚለካው ሮክዌል በተባለ መለኪያ ነው። በአውሮፓ በብዛት የሚሠሩት ግማሽ በመቶ ያህል ካርቦንና 15 በመቶ ክሮሚየም ያላቸው ቢላዋዎች ከ54 እስከ 58 ሲደርሱ፣ ብዙዎቹ የጃፓን ቢላዋዎች ከ60 በላይ ናቸው። ከፍ ያለው ቁጥር ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፣ በቀጭን ማዕዘን ሊሳልም ይችላል፤ በምላሹ አጥንት ሲነካ ወይም ወደ ጎን ሲጠመዘዝ ከመታጠፍ ይልቅ ይሸረፋል። የባለሙያ መሣሪያ የሚወዱ ሰዎች ጠንካራውን "የተሻለ" ይሉታል፣ በእጃቸው ላይም እውነት ነው። ብዙ ሰው በሚጠቀምበትና አንዳንዴም ያለ አግባብ በሚያዝበት ቤት ውስጥ ግን 56 አካባቢ ያለው ለስላሳ ብረት ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ሲታጠፍ ይቃናል፣ ሲሳልም በቀላል ድንጋይ ይበቃዋል። ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ የሚሠራው የሴራሚክ ቢላዋ የዚህ ክርክር ጽንፍ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይዶለድም ይቆርጣል፣ አይዝግም፣ ነገር ግን ከእጅ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል፣ ለመሳልም የአልማዝ ዱቄት ያለው መሣሪያ ይፈልጋል።

መሳል የሚያስፈራው ስለማይታወቅ ነው። 1000 ቁጥር ያለው የመሳያ ድንጋይ (ቁጥሩ የድንጋዩን ቅንጣቶች ደቃቅነት ያሳያል) ለተለመደው የቤት ሥራ ይበቃል። ማዕዘኑን ለመጠበቅ ቀላል ስሌት አለ፤ የቢላዋው ስፋት 45 ሚሊሜትር ከሆነ ጀርባውን ከድንጋዩ 12 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ማድረግ 15 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። በዚያው ማዕዘን አንዱን ጎን ደጋግሞ ሲስሉት በተቃራኒው ጎን በአውራ ጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ቀጭን የብረት ጠርዝ ይወጣል፤ ይህ ጠርዝ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ድረስ ሳይቆራረጥ ከተሰማ ያ ጎን ተስሏል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ተዛውሮ ያንኑ መድገም፣ በመጨረሻም ቀለል ባለ እጅ እያፈራረቁ ጠርዙን ማስወገድ ነው። በጣት የሚዳሰሰው ከስለቱ ወደ ውጭ እንጂ በስለቱ ርዝመት አይደለም።

ሲገዙ ማየት የሚገባው እጀታውን ነው። የቢላዋው ብረት እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀና በብረት ሚስማሮች የታሰረ ከሆነ እጀታው ቢሰነጠቅ እንኳ በሌላ እንጨት ሊተካ ይችላል፤ በፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረ አጭር ብረት ግን ሲላቀቅ መጨረሻው ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ለቢላዋ ጠላት ነው፤ ኃይለኛው ሳሙናና ሙቀቱ እንጨቱን ያደርቀዋል፣ ከሌላ ዕቃ ጋር መጋጨቱም ስለቱን ይሸርፈዋል። ከዝገት የሚከላከለው ክሮሚየም የሌለበት የካርቦን ብረት ቢላዋ ከዚህም አልፎ እርጥብ ሆኖ ከተተወ በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል፤ አጥቦ ወዲያው የማድረቅ ልማድ ለሌለው ቤት አይመከርም።

የቢላዋ ብዛትም የአካባቢ ጉዳይ ነው። 20 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ ዋና ቢላዋ፣ አንድ ትንሽ መላጫና ጥርስ ያለው አንድ የዳቦ ቢላዋ የአብዛኛውን ቤት ሥራ ይሸፍናሉ። በእንጨት ማስቀመጫ ተደርድረው የሚሸጡት ባለ ብዙ ቁራጭ ስብስቦች ገንዘቡን በማይነኩ ቢላዋዎች ላይ ይበትኑታል፤ በዚያው ዋጋ የሚገኝ አንድ ጥሩ ቢላዋና አንድ ድንጋይ የበለጠ ያገለግላል።

እንጨት፣ ቀርከሃና መክተፊያ

እንጨት ንጽሕና የለውም የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያስተምሩ የነበሩት ዲን ክላይቨርና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ያካሄዱት ሙከራ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ አመለከተ። በእንጨት መክተፊያ ላይ የተደረጉ ባክቴሪያዎች ወደ ውስጥ ተመጥጠው ሲቀሩ ከጊዜ በኋላ ይሞታሉ፤ በቢላዋ የተተለተለ ፕላስቲክ ደግሞ በጭረቶቹ ውስጥ ባክቴሪያ ይዞ ለመታጠብ ያስቸግራል። ይህ ማለት እንጨት መታጠብ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ከየትኛውም ቁስ ቢሠራ በሙቅ ውሃና በሳሙና መታጠብና ቆሞ መድረቅ አለበት። በሌላ በኩል ፕላስቲኩ በማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚታጠብ፣ ብዙ ሥጋ ለሚከተፍበት ቤት የሚመርጡት ሰዎች ምክንያታቸው ውድቅ አይደለም።

በ2023 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የፕላስቲክ መክተፊያዎች ሲከተፍባቸው ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ወደ ምግብ እንደሚለቁ አሳይቷል፤ በዚያው ጥናት ቅንጣቶቹ በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ ጉልህ ጉዳት አላሳዩም። እዚህ ላይ መደምደሚያ ለመስጠት ጊዜው ገና ነው። እንጨትን እንድመርጥ የሚያደርገኝ ሌላ ምክንያት ነው፤ የተተለተለ የእንጨት መክተፊያ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ለምግብ በሚሆን ዘይት ታሽቶ እንደ አዲስ ይሆናል፣ ለቢላዋ ስለትም ይራራል። የመስታወትና የድንጋይ መክተፊያ በአንጻሩ የስለትን ጫፍ በጥቂት ምት ያጥፋል፤ በጣም ቆንጆ ሆነው ሳለ ለቢላዋ ከዚህ የከፋ ምርጫ አይገኝም።

ማንኪያና ማማሰያ ሲሆን ደግሞ የሚፈለገው ቃጫው የጠበቀ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ቢች፣ ሜፕልና ወይራ ለዚህ ይታወቃሉ። ለስላሳና ቀዳዳማ እንጨት ሽታና ቀለም ይይዛል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ማንኪያ ከተጣበቀው ይሻላል፤ ማጣበቂያው በውሃና በሙቀት ብዛት ይለቃልና።

ቀርከሃ የሣር ቤተሰብ በመሆኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጨዳ ይደርሳል፣ ከተቆረጠም በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ይህ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። መክተፊያው ግን የሚሠራው ቀጫጭን ዘንጎችን በሙጫ በማጣበቅ ነው፣ ከብዙ እንጨቶችም ስለሚጠነክር ስለትን ቶሎ ያደክማል። ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበው "የቀርከሃ" እየተባለ የሚሸጠው ኩባያና ሰሃን ነው፤ ብዙው የቀርከሃ ዱቄት የተቀላቀለበት የሜላሚን ፕላስቲክ ሆኖ ተገኝቷል። ትኩስ ነገር ሲቀዳበት ሜላሚንና ፎርማልዴሃይድ ሊለቅ ስለሚችል፣ የአውሮፓ ኮሚሽንና አባል አገሮች በ2021 እነዚህን ዕቃዎች ከገበያ ለማስወጣት የጋራ ዘመቻ አካሂደዋል። እውነተኛው ቀርከሃ የጭረት መስመሮቹ ይታያሉ፤ እንደ ፕላስቲክ ተቀርጾ የወጣ፣ ሁሉም ቦታው አንድ ዓይነት የሆነ ጽዋ ቀርከሃ ብቻ ሊሆን አይችልም።

መለያው የሚነግረንና የማይነግረን

ስለ አካባቢ የሚሰጡ የአምራች መግለጫዎችን የሚመለከተው አይኤስኦ 14021 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት "ለአካባቢ ተስማሚ" ወይም "አረንጓዴ" ያሉ ግልጽ ያልሆኑ አባባሎችን አይፈቅድም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ያወጣው መመሪያ ያለ ተጨባጭ ማረጋገጫ የሚሰጡ አጠቃላይ የአካባቢ መግለጫዎችን የሚከለክል ሲሆን ተፈጻሚ የሚሆነው ከመስከረም 2026 መጨረሻ ጀምሮ ነው። አምራቾች እንዲህ ያለው ጥብቅነት እውነተኛ ጥረት የሚያደርጉትንም ዝም ያሰኛል ሲሉ ይከራከራሉ፤ ትናንሽ አምራቾች የማረጋገጫ ወጪን መሸፈን እንደሚከብዳቸውም አይካድም። ይሁን እንጂ የተለየና ሊመረመር የሚችል መግለጫ የመስጠት በር አልተዘጋም። "እጀታው ሊቀየር ይችላል"፣ "መለዋወጫ ሚስማር እንሸጣለን"፣ "እንጨቱ ከዚህ ደን የመጣ ነው" የሚሉት አረፍተ ነገሮች ከማንኛውም ቅጠል ምስል በላይ ይናገራሉ። ለእንጨት ዕቃ በ1993 የተመሠረተው የደን አስተዳደር ምክር ቤት ምልክት ስለ እንጨቱ ምንጭ ይመሰክራል፤ ስለ ሙጫው፣ ስለ ቅባቱና ስለ ዕቃው ጥንካሬ ግን አይናገርም።

ማምረት፣ መጠቀምና መጣል

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ማንኪያ ይገባል ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞው ክብደት አለው። ድስትና መጥበሻ ላይ ትልቁ የአካባቢ ጫና የሚመጣው በዓመታት ውስጥ ከሚያቃጥሉት ኃይል ስለሆነ፣ ክዳን መክደንና ድስቱን ከምድጃው ስፋት ጋር ማመጣጠን ከድስቱ ቁስ ምርጫ ሊበልጥ ይችላል። ማጠብም እንዲሁ ነው፤ 10 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ማሞቅ 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይወስዳል፣ ይህም በየቀኑ የሚደገም ነው። ቢላዋና ማንኪያ ግን ከመታጠብ በስተቀር በአገልግሎት ዘመናቸው ኃይል አይበሉም፤ ጫናቸው በሙሉ ማለት ይቻላል በሚመረቱበትና በሚጣሉበት ጊዜ ላይ የተከመረ ነው። አንድ ቶን ተራ ብረት ለማምረት በዓለም አማካይ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። በየ2 ዓመቱ የሚለወጥ ቢላዋ በ20 ዓመት ውስጥ 10 ቢላዋ ማለት ነው፤ በዚያው ዘመን የሚያገለግለው አንዱ ቢላዋ የእያንዳንዳቸው እጥፍ ብረት ቢኖረው እንኳ የሚፈጀው የእነዚያን አንድ አምስተኛ ነው። ዋጋውም በዚሁ መንገድ ሊሰላ ይገባል፤ ከፍ ያለ ዋጋ ግን በራሱ የዕድሜ ማረጋገጫ አይደለም፣ ለስምና ለጌጥ የሚከፈልበት ብዙ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው የመጀመሪያው ውጤት በፍርሃት የሚደረግ ጅምላ መጣል ጉዳቱ እንደሚያመዝን ነው። ጠርዙ የቀለጠ፣ የተሸራረፈ ወይም ምንጩ የማይታወቅ ጥቁር ማማሰያ ከትኩስ ምግብ ቢገለል ተገቢ ነው፤ ደህና የሆነው ለቀዝቃዛ ሥራ ሊውል ይችላል። የማይዝግ ብረት መጨረሻው ሲደርስ ከሌላ ቁስ ካልተጣበቀ ተለይቶ ይቀልጣል፣ ጥራቱም ሳይወርድ ደጋግሞ ይሠራል፤ ከጎማና ከፕላስቲክ ጋር በአንድ ተቀርጾ የወጣ እጀታ ያለው ዕቃ ግን ይህን ዕድል ያጠብባል።

ሁለተኛው ውጤት ያገለገለ ዕቃ መግዛት ከአዲስ "አረንጓዴ" ዕቃ ሊሻል መቻሉ ነው። ያገለገለ ቢላዋ ሲገዛ ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ ይፋቃል፤ ስለቱ ላይ ወደ ውስጥ የዘለቀ ስንጥቅ ካለ ግን አይነካም። የቀላጭ ብረት መጥበሻ በጣት አንጓ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለበት፤ የደነዘዘ ድምፅ የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል። ምንጩ የማይታወቅ አሮጌ ብረት ድስት እርሳስ ለማቅለጥ አገልግሎ ሊሆን ስለሚችል፣ አሮጌ ቀለም የተቀቡና በኤናሜል የተሸፈኑ ዕቃዎችም በቀለማቸው ውስጥ እርሳስ ወይም ካድሚየም ሊይዙ ስለሚችሉ፣ እነዚህን ከማብሰል በፊት ማስመርመር ወይም ለጌጥ ብቻ ማስቀመጥ ይገባል።